አንድ መብራት፣ አንድ ፊት



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የስቱዲዮ መብራት ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል። የሰውን ፊት በመብራት ማንሳት የሚማር ሰው ለረጅም ጊዜ ከአንድ መብራት በላይ አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ማብራት ያለበት አንዱ መብራት ፊት ላይ የሚጥለውን ጥላ ለይቶ ማንበብ ሲችል ነው። ይህን የምለው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ፍላሽ ዋጋ ስንቱን ወጣት ከሙያው ደጃፍ እንደሚመልስ ግን አውቃለሁ። ሁለት መብራት አንድ ላይ ሲበራ የትኛው ጥላ ከየትኛው መብራት እንደመጣ ጀማሪ ዓይን አይለይም። ፎቶው ሳያምር ሲቀር ምኑን እንደሚያስተካክል አያውቅም፤ ቢያምርለትም ነገ ሊደግመው አይችልም።

አብዛኞቻችን ስቱዲዮ ሲባል ትዝ የሚለን የሰፈራችን ፎቶ ቤት ነው። ነጭ ወይም ሰማያዊ ባክግራውንድ፣ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ጃንጥላዎች፣ መሀል ላይ አንዲት በርጩማ። ለጉርድ ፎቶ ይህ አቀማመጥ ትክክል ነው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚፈለገው ጥላ ያላረፈበት፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት ነው። ሁለት እኩል መብራቶች ከግራና ከቀኝ ሲመጡ አንዱ የሌላውን ጥላ ያጠፋዋል። እነዚያን ፎቶ ቤቶች ማንም ሊንቃቸው አይገባም፤ የብዙ ሰው የወጣትነት መልክ ዛሬ ድረስ የቆየው እነርሱ ባነሱት ጉርድ ፎቶ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጀማሪው ያንኑ አቀማመጥ ለፖርትሬትም ሲጠቀምበት ነው። የአፍንጫው አጥንት፣ የጉንጩ ከፍታ፣ የአገጩ መስመር፣ ያ ሰው ያ ሰው የሆነበት ነገር ሁሉ ተደልድሎ ይጠፋል።

እንግዲህ ልምምዱን ልንገራችሁ። መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኑ፤ የክፍሉን አምፖል አጥፉ። ታናሽ እህታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ ወንበሩ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። መብራታችሁ ሳይቋረጥ የሚበራ ኤልኢዲ ቢሆን ለዚህ ልምምድ ይመረጣል፤ ጥላው ሲሄድና ሲመጣ በዓይን ይታያልና። ከካሜራው በላይ፣ ከተቀመጠው ሰው ራስ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። አሁን ፊቱን ሁሉ አትመልከቱ። አፍንጫውን ብቻ ተመልከቱ።

ጥላው ከአፍንጫው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ላይኛው ከንፈር ይወርዳል፤ የጉንጭ አጥንት ይጎላል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ማርሌን ዲትሪክን የመሰሉ ተዋንያትን አዘውትረው ያነሱት በዚህ ብርሃን ነው። መብራቱን አንድ ርምጃ ወደ ግራ ውሰዱት፤ ጥላው ወደ ጉንጩ መዞር ይጀምራል። አሁንም ጨምሩ። አንድ ቦታ ላይ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኝና፣ በጨለመው ወገን ከዓይኑ ሥር ሦስት ማዕዘን የሆነች የብርሃን ቁራጭ ብቻ ትቀራለች። በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም የሚጠራው ብርሃን ይህ ነው። ከዚያ አልፋችሁ መብራቱን ከጆሮው ትይዩ ስታደርሱት ፊቱ ለሁለት ይከፈላል። እነዚህን ሁሉ ስሞች መሸምደድ አያስፈልግም፤ መብራቱ ሲንቀሳቀስ የአፍንጫው ጥላ ወዴት እንደሚሄድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መናገር እስክትችሉ ድረስ መመላለስ ግን ያስፈልጋል።

ከአፍንጫው ቀጥሎ ዓይኑን እዩ። ብሌኑ ላይ መብራቱ ራሱ ተንጸባርቆ ይታያል። መብራቱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ቅንድቡ ይጋርደዋል፤ ያ ነጸብራቅ ይጠፋና ዓይኑ ሕይወት ያጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የእኩለ ቀን ፀሐያችን ከአናታችን ብዙ አትርቅም፤ በስድስት ሰዓት ደጅ ላይ የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህች ነጸብራቅ ሌላም ጥቅም አላት። የምትወዱትን የሌላ ሰው ፎቶ አግኝታችሁ ብሌኑን ብታጎሉት መብራቱ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ ከየት ወገን እንደመጣ፣ ስንት እንደነበረ ያሳያችኋል። ከዚህ የተሻለ ክፍያ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ደንበኛ ግን ጥላን በቀላሉ አይቀበልም። "ግማሽ ፊቴን ለምን አጠቆርከው?" ይላል። እንዲህ የሚለን ሰው አላዋቂ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በዚያ ሥዕል ውስጥ ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፣ የቅዱሱ ፊት በሞላ ብሩህ ነው። ይህን እያየ ያደገ ዓይን ግማሹ በጥላ የተዋጠ ፊት ሲያይ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ቅሬታው የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ሴሲል ዴሚል እ.ኤ.አ. በ1915 በወጣው "ዘ ዋረንስ ኦፍ ቨርጂኒያ" ፊልሙ የተዋናዩን ፊት ግማሹን በጨለማ አስቀርቶ ነበር። ዴሚል ራሱ እንደተረከው፣ የፊልሙ ነጋዴዎች ግማሽ ፊት ለሚታይበት ፊልም ሙሉ ዋጋ አንከፍልም ብለው ሲያስቸግሩ፣ ይህ እኮ የሬምብራንት ብርሃን ነው ብሎ መለሰላቸው፤ ከዚያ በኋላ ተቀበሉት። የእኔ ምክር ከደንበኛ ጋር አትከራከሩ ነው። አንድ ብሩህ፣ አንድ ጥላ ያለበት አንሱና ሁለቱንም አሳዩት። ምርጫው የባለፊቱ ነው።

አሁን ወደ ርቀት ልለፍ፤ ጀማሪ ብዙ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ከመብራቱ በራቀ ቁጥር የሚዳከመው በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፣ በፎቶ አንሺ ቋንቋ ሁለት ስቶፕ ይወርዳል። ወረቀት ላይ የፊዚክስ ትምህርት ይመስላል፤ ክፍል ውስጥ ግን የግድግዳ ቀለም የሚቀይር መሣሪያ ነው። መብራቱ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ግድግዳው ከመብራቱ 2 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ፊቱ ከሚያገኘው ብርሃን ግድግዳው የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው፤ ነጩ ግድግዳ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። መብራቱን አርቃችሁ ከፊቱ 3 ሜትር፣ ከግድግዳው 4 ሜትር ብታደርጉት፣ ግድግዳው የፊቱን ብርሃን ከግማሽ በላይ ያገኛል፤ ያው ግድግዳ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ባክግራውንድ ሳትገዙ ሁለት ባክግራውንድ አገኛችሁ ማለት ነው። ቤተሰብ በረድፍ ስታነሱም ይኸው ሕግ ይሠራል። መብራቱ ለአባትየው በጣም ከቀረበ ጫፍ ላይ የቆመችው ልጅ ትጨልማለች፤ መድኃኒቱ መብራቱን ማራቅ ነው።

ስታርቁት ግን ሌላ ነገር ይለወጣል። ጥላው ጠርዙ ይስላል። የጥላን ልስላሴ የሚወስነው መብራቱ ከሚነሳው ሰው ቦታ ሲታይ ምን ያህል ትልቅ ሆኖ እንደሚታይ ነው። ፀሐይ ዲያሜትሯ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ጥላዋ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትንሽ ሆና ስለምትታየን ነው። በክረምት ደመና ሲሸፍናት ግን ብርሃን ሰጪው ሰማዩ በሙሉ ይሆናል፤ ጥላም ይለሰልሳል። ስለዚህ 90 ሴንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ ፊት አጠገብ ሲቀርብ ለስላሳ ነው፤ እዚያው ክፍል ጥግ ሲቆም ደረቅ ነው። "ሶፍትቦክስ ገዛሁ፣ ብርሃኑ ግን አልለሰለሰም" የሚሉኝን ወጣቶች ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ከፊቱ ስንት ርቀት ላይ እንዳቆሙት ነው።

የካሜራውን ቁጥር በአጭሩ ልለፈው። በፍላሽ ስትሠሩ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/125፣ አፐርቸር ኤፍ 8 አድርጋችሁ፣ ፍላሹን ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሱ። ጥቁር መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ ፎቶው ላይ የሚታየው ብርሃን ሁሉ ከእናንተ ፍላሽ የመጣ ነው፤ ከአምፖልና ከመስኮት ጋር አትጣሉም። ሹተሩን ከ1/200 ብዙ ብታስበልጡት በአብዛኞቹ ካሜራዎች የፎቶው አንዱ ጎን ጥቁር መስመር ይይዛል። የፍላሹን ብርሃን የምታበዙትና የምታሳንሱት ራሱ ፍላሹ ላይ ወይም በአፐርቸሩ ነው፤ ሹተሩ በእርሱ ላይ ሥልጣን የለውም።

አሁን የመጣሁበት ዋና ነገር ላይ ደረስሁ። የምንማርባቸው ሕጎች አብዛኞቹ በሌላ ሰማይ ሥር፣ በሌላ ፊት ላይ የተፈተኑ ናቸው። ለምሳሌ ሠዓሊዎችና የድሮ ፎቶ አንሺዎች ወደ ሰሜን የሚከፈት መስኮት ምረጡ ይላሉ፤ በአውሮፓ በሰሜን መስኮት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ናት። በእነዚያ ወራት መጽሐፉን አምኖ የሰሜኑን መስኮት የመረጠ ሰው ፀሐይዋን ራሷን ሊጋብዛት ይችላል። ፊልምም እንዲሁ ነበር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የኮዳክ ፊልም አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉት "ሸርሊ ካርድ" በሚባል የነጭ ሴት ምስል ነበር። የእርሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል። የእኛ ቆዳ በዚያ ሚዛን ላይ አልተቀመጠም።

ስለዚህ በራሳችን ፊት ላይ እንማር። ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጠይም እናት አስቡ። ካሜራው በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል፤ ያ ግራጫ የደረሰበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ነው። ፍሬሙን የሞላው ነጭ ልብስ ነውና ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የእናትየው ፊት ጥቁር ይሆናል። ራሳችሁ ስትለኩም ችግሩ በአንዴ አይፈታም። በጠይም ፊትና በነጭ ጥጥ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ስቶፕ ሊደርስ ይችላል። ለፊቱ ብላችሁ ብርሃን ብትጨምሩ የነጠላው ድርና ማግ ይጠፋል፤ ጥለቱ ጠርዝ የሌለው ነጭ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

መፍትሔው ብርሃኑን ለፊትና ለልብስ እኩል አለማካፈል ነው። ሶፍትቦክሱን ከፍ አድርጉትና መሀሉ ወደ ደረቷ ሳይሆን ከግንባሯ ትንሽ ወደ ላይ እንዲያይ አዙሩት። ፊቷ የብርሃኑን ወፍራም ክፍል፣ ልብሷ ጠርዙን ብቻ ያገኛል። አሁንም ልብሱ ከበዛ፣ ጥቁር ካርቶን ቆርጣችሁ በመብራቱና በደረቷ መካከል ከፍሬሙ ውጭ አቁሙ። ከዚያ ነጠላውን ተመልከቱ። ከመብራቱ በተቃራኒ ወገን ያለውን ጫፍ ወደ ጉንጯ አስጠጉት፤ ነጩ ጥጥ ብርሃኑን መልሶ ወደ አገጯ ጥላ ሲልከው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሁለት ጣት ስታርቁት ጥላው ይመለሳል። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ፊታቸው አጠገብ ሪፍሌክተር ይዘው ይኖራሉ፤ ፎቶ አንሺው ማየት ብቻ ነው ያለበት።

ስለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ አንድ ነገር ልጨምር። ነጣ ያለ ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በዋናነት በብሩህና በጨለማ ልዩነት ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ቅርጹን የሚናገረው ላዩ ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ግንባር ላይ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ በአፍንጫ ድልድይ ላይ የምናያት ያቺ ወዘና ናት ፊቱን የምትቀርጸው። ብዙ ጀማሪ ይህችን ወዘና ጠላት አድርጎ ፓውደር ያስቀባል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል። አትቸኩሉ። ነጸብራቅ የመብራቱ ምስል ነው። መብራቱ ትንሽና ባዶ ከሆነ ነጸብራቁም ትንሽና የሚያቃጥል ነጥብ ይሆናል፤ ላብ ይመስላል። መብራቱ ሰፊ ከሆነና በጎን ከመጣ ግን ከግንባር እስከ አገጭ የሚወርድ ረጅም፣ ለስላሳ መስመር ይሠራል። ቦታው ካልተመቻችሁ ፊቱን ሳይሆን መብራቱን አንቀሳቅሱ። ጠቆር ላለ ሰው ዋናው መፍትሔ ብርሃን ማብዛት ነው የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ ዋናው መፍትሔ መብራቱን ማስፋትና አቅጣጫውን ማግኘት ነው። ጥቁር ፀጉር ጥቁር ባክግራውንድ ውስጥ እንዳይሰጥም ደግሞ፣ አንድ መብራት ብቻ ያለው ሰው ነጣ ያለ ግድግዳ ይምረጥ።

በአንድ ብርሃን ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ ምስክር ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ስቱዲዮ ከፈተ። በአብዛኛው የሚሠራው ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር፤ ከባክግራውንዶቹ የመጀመሪያው የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። ፊልም ውድ ስለነበር አንድን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከመጫኑ በፊት አይቶ ይጨርስ ነበር። የእርሱ ደንበኞች ጥቁር ቆዳ፣ ከጥለት ልብሳቸው ጋር፣ ዛሬም በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ይታያል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔንም በዚያው በ1948 በታኅሣሥ ወር ፔሩ፣ ኩዝኮ ከተማ ሲደርስ የአንድ የአገሬውን ፎቶ ቤት ተከራይቶ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ያነሳቸው ፎቶዎች ከስመ ጥር ሥራዎቹ መካከል ናቸው። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ደግሞ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የእነርሱን ሥራዎች ባገኛችሁ ቁጥር ማን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት የአፍንጫውን ጥላ ፈልጉ።

ሌላው አርመናዊ ፎቶ አንሺ ዩሱፍ ካርሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ማርዲን ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ካናዳ የተሰደደ። ቦስተን ያስተማረው ጆን ጋሮ የሚሠራው በቀን ብርሃን ነበር። ካርሽ ሰው ሠራሽ ብርሃንን የተማረው ኦታዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት እየገባ፣ የመድረክ መብራት የተዋናዩን ፊት እንዴት እንደሚለውጠው በማየት ነው። እናንተም ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቲያትር ስትገቡ አንድ ትዕይንት ቃሉን ትታችሁ ጥላውን ብቻ ተከታተሉ።

ሁለተኛው መብራት መቼ ይምጣ? የጥላው ቦታ እንደምትፈልጉት ሆኖ ሳለ ጥቁረቱ ብቻ ሲበዛባችሁ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ነጭ ፎም ወይም የተወጠረ አንሶላ በጥላው ወገን አቁሙ። ጥላን መሙላት እንደ ወጥ ጨው ነው፤ መጨመር ቀላል ነው፣ ከበዛ በኋላ መቀነስ ግን ከባድ ነው። ፎሙን ከሩቅ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አስጠጉ። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ሥራ አይቆምም። በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ የእጅ ፍላሽ፣ ትሪገርና አንድ ነጭ ጃንጥላ ከስታንዱ ጋር ለመማር በቂ ነው፤ እርሱም ባይኖር መስኮት አለ።

የመጨረሻው ጉዳይ የተቀመጠው ሰው ነው። ካርሽ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1941 ኦታዋ ላይ ዊንስተን ቸርችልን ሲያነሳ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራቶቹን ግን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበርና፣ ሰውየው ሲገባ ሐሳቡ ሁሉ ሰውየው ላይ ነበር፤ ቸርችል አፉ ላይ የያዘውን ሲጋር ሊወስድበት የቻለውም ስለዚህ ነው። እናንተም ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ጓደኛችሁን አስቀምጣችሁ ብርሃኑን ጨርሱ። አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እናንተ ስታንድ ስታወርዱና ስትሰቅሉ ሩብ ሰዓት ቢያዩ ፊታቸው ይዘጋል፤ የተዘጋ ፊት በየትኛውም መብራት አይከፈትም። አባባ፣ እማማ ብላችሁ ተቀበሏቸው፤ ፍላሹ ሲበራ እንዳይደነግጡ አንዴ ወደ ግድግዳው አብርታችሁ አሳዩአቸው። አገጫቸውን በእጃችሁ አትንኩ፤ እናንተ ቆማችሁ የምትፈልጉትን አዙሪት በራሳችሁ አንገት አሳዩ፣ እርሳቸው ይከተላሉ።

እነሆ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራትና አንድ ነጭ ፎም አለ። የአዳራሹን አምፖሎች እናጥፋና አንዳችሁ ፈቃደኛ ሆናችሁ ብትቀመጡልኝ፣ ሌሎቻችሁ በየተራ እየወጣችሁ መብራቱን ታንቀሳቅሳላችሁ፤ የአፍንጫው ጥላ የት እንደደረሰም ከአዳራሹ ጮክ ብላችሁ ትነግሩናላችሁ።